በኲኞን ጠረፍ የሦስት ወር እንግድነት

«በባሕር ጠረፍ ባለች ጸጥተኛ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፥ ጠዋት ዋኝቶ፥ ቀን ሥራውን በኮምፒዩተር ሠርቶ፥ ማታ ትኩስ ዓሣ በልቶ መኖር» የሚለው ምኞት ዛሬ የማይጐበኘው ወጣት ያለ አይመስለንም። ሥዕሎቹም እንደ ምኞቱ ያማሩ ናቸው፤ ሰማያዊ ውሃ፥ ነጭ አሸዋ፥ የዘንባባ ጥላ፥ በጥላውም ሥር አንድ ፈረንጅ። የአገሩ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሥዕሉ ውስጥ የለም፤ ቢኖርም ትሪ ይዞ የቆመ ነው። እኛም ይህንኑ ሥዕል አይተን፥ እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ድረስ በቬትናም አገር ኲኞን በምትባለው ከተማ ሦስት ወር ተቀመጥን። «ኖርን» አላልንም፤ «ተቀመጥን» ነው ያልነው፤ የልዩነቱን ነገር አንባቢያችን ወደ ፊት ያገኘዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትም፥ ካልተለየ በቀር፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኲኞን ከሆ ቺ ሚን ከተማ በስተ ሰሜን 650 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ እንደ ግማሽ ጨረቃ በጐበጠ የባሕር ወሽመጥ ላይ የተቀመጠች ናት። በስተ ጀርባዋ ተራራ፥ በስተ ሰሜንዋ ቲ ናይ የሚባለው ከባሕር ጋር የተያያዘ ኩሬ አለ፤ በእርሱም ላይ በ2006 የተፈጸመው ረጅም ድልድይ ተዘርግቷል። አገር ጐብኚዎች ወደ ዳ ናንግና ወደ ኛ ቻንግ ሲጐርፉ ኲኞንን በመንገድ እያለፏት ይሄዱ ስለ ነበረ ጸጥታዋ የቆየላት በዚህ ምክንያት ነው ይባላል። ታሪክዋ ግን ጸጥተኛ አይደለም። የቻምፓ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው ቪጃያ በዚሁ አካባቢ ነበረች፤ በ1471 በቬትናሞች እጅ ወደቀች፤ የቻምፓ ሰዎች በጡብ የሠሯቸው መንትያ ግንቦችም ዛሬ በከተማይቱ መካከል፥ ልብስ ከተሰጣባቸው ሰገነቶች አጠገብ ቆመው ይታያሉ። በ1771 የታይ ሶን ወንድማማች በደቡቡ መሳፍንት ላይ የተነሡት ከዚሁ ግዛት ነው። በአሜሪካኖቹ ጦርነት ዘመንም ወደብዋ የታላቅ ጦር ስንቅና ጥይት ማራገፊያ ነበረ። በስተ ደቡብ ካለው ኮረብታ ወዲያ፥ ኲ ኋ በሚባለው ሸለቆ፥ በ1929 የተቋቋመ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር አለ። ሃን ማክ ቱ የተባለው የቬትናም ባለቅኔ በዚያ ታክሞ ሳይድን ገና በ28 ዓመቱ በ1940 አረፈ። ትምህርት ቤት የገባ ቬትናማዊ ሁሉ ስሙን ያውቃል፤ ፀሐይ ሊሞቁ ወደዚያ ሸለቆ ከሚሄዱት የውጭ አገር ሰዎች መካከል ግን ስሙን ሰምቶ የሚያውቅ አንድም አላጋጠመን።

ወጣት ሹማምንቶቻችንን ይበልጥ የሚያስደንቃቸው ግን የትናንቱ ሳይሆን የቅርቡ ነገር ይመስለናል። ቬትናም ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 63 የነበሩትን ጠቅላይ ግዛቶችዋን 34 አደረገች፤ በጠቅላይ ግዛትና በቀበሌ መካከል የነበረውንም የወረዳ አስተዳደር ጨርሳ ሠረዘች። ቢን ዲን የሚባለው የጠረፍ ግዛት ከደጋው ከዛ ላይ ጋር ሲዋሐድ ስሙ «ዛ ላይ» ተባለ፤ ዋና ከተማው ግን ኲኞን ሆነች። ስሙን ደጋው ወሰደ፥ መንበሩን ጠረፉ ወሰደ ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ በደጋው ከተማ በፕሌይኩ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ጸሐፊዎችና ሹማምንት ከ150 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ ወርደው በኲኞን ቤት ፈላጊ ሆኑ። ባልና ሚስት ተለያይተው ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ የሚገናኙ ሞልተዋል። እንግዲህ በዚያች ከተማ ያን ጊዜ እንግዳ የነበረው ከባሕር ማዶ የመጣው ብቻ አልነበረም።

እኛ የተከራየንበት ቤት ወርዱ ጠባብ፥ ቁመቱ ረጅም፥ ባለ ሦስት ደርብ ነው፤ በዚያ አገር የከተማ ቤት ሁሉ እንደዚህ እንደ ሣጥን የተደረደረ ነው። ከባሕሩ የሚርቀው አራት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ባለቤትዋ ዕድሜያቸው ስድሳ ያለፈ ባልቴት ናቸው። በምድር ቤት ጠዋት ጠዋት የዓሣ ሾርባ በሩዝ ቂጣ ክር ይሸጣሉ፤ በመጀመሪያው ደርብ ራሳቸው ይኖራሉ፤ በሁለተኛው እኛና አንዲት የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ተከራዮች ነበርን። ወጣቲቱ ከፕሌይኩ ተዛውራ የመጣች የመንግሥት ጸሐፊ ናት። እንግሊዝኛ ስለምታውቅ የሦስታችንም አፍ እርስዋ ነበረች፤ እርስዋ በሌለችበት ሰዓት የስልክ አስተርጓሚ መሣሪያ ይተካታል፤ እርሱ ግን አንዳንዴ ያስቃል፥ አንዳንዴም፥ ኋላ እንደምንናገረው፥ ያዋርዳል።

የቀኑን ኑሮ በአጭሩ እንናገር። ከተማው የሚነቃው ሳይነጋ፥ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሽማግሌው፥ ባልቴቱ፥ ሹሙ፥ ነጋዴው ሁሉ ወደ ባሕሩ ወርዶ ይዋኛል፤ አሸዋው ላይ እጁን እያወዛወዘ ይንቀሳቀሳል፤ ፀሐይ ስትጠነክር አሸዋው ባዶ ይቀራል። የውጭ አገር ሰው የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱ ወገኖች አንዱን ባሕር ተካፍለው ሳይተያዩ ይውላሉ። ከቀትር በኋላ ከተማው ሁሉ ይተኛል፤ ሱቅ ውስጥ ብትገቡ ባለ ሱቁን ከጠረጴዛው ሥር በአልጋ ገመድ ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ፤ መቀስቀስ ነውር ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ከሸምበቆ ተጠልፈው በዛፍ ሙጫ የተለቀለቁ፥ እንደ ሰፌድ ክብ የሆኑ ጀልባዎች አሏቸው፤ አንድ መቅዘፊያ ይዞ ቆሞ የሚቀዝፈውን ሰው ላየ፥ ጀልባው በቦታው እየዞረ ወደ ፊት እንዴት እንደሚሄድ ለማስረዳት ይቸገራል። ስለ ቡናቸው ብንናገር እናዳላለን። ቬትናም በቡና ምርት ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛ ናት፤ ይልቁንም የዛ ላይ ደጋ የቡና አገር ነው፤ ቡናው ግን አብዛኛው ሮቡስታ የሚባለው መራራው ዓይነት ስለ ሆነ፥ በብርጭቆ ላይ በተቀመጠ ማጥለያ አንጠባጥበው ከጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ጋር ይጠጡታል። ከአገር ቤት የያዝነውን የይርጋ ጨፌ ቡና ቆልተን ብናቀርብላቸው፥ ባልቴቲቱ አንድ ጊዜ ፉት ብለው «ኮምጣጣ ነው» አሉና የቆርቆሮውን ወተት ጨመሩበት። ምንም አላልንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በቬትናምኛ «እኔ» እና «አንተ» የሚሉት ቃላት እንደ እንግሊዝኛው ለማንም ሰው የሚሆኑ አይደሉም። ሰው ሁሉ ራሱንም ሌላውንም የሚጠራው በዝምድና ስም ነው። በዕድሜ ጥቂት የሚበልጥህ ወንድ «አኝ» ነው፥ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ ሴቲቱ «ቺ»፥ ታላቅ እኅት። ታናሽህ «ኤም» ይባላል። የአባት ታናሽ ወንድም የሚያህለው «ቹ»፥ አክስት የምትሆነው «ኮ»፥ አያት የሚሆኑት «ኦንግ» እና «ባ» ናቸው። አንተም ራስህን በዚያው ልክ ትጠራለህ፤ በአክስት ፊት «እኔ ራበኝ» አይባልም፤ «ልጅሽን ራበው» ይባላል እንጂ። «ቶይ» የሚባል «እኔ» አለ፤ ነገር ግን ቀዝቃዛ ቃል ነው፤ የመጽሐፍና የስብሰባ ቃል ነው። በደቡቡ ወገን ደግሞ ሰው በትውልድ ተራው ይጠራል፤ በኵሩ «ሁለተኛ» ይባላል እንጂ «አንደኛ» አይባልም። የእኛ አከራይ አራተኛ ልጅ ስለ ሆኑ የሰፈሩ ሰው «አክስት አምስተኛዋ» ይላቸዋል።

ስለዚህ ቬትናማዊ ካንተ ጋር ሲገናኝ አስቀድሞ «ስንት ዓመትህ ነው?» ይላል። ፈረንጆቹ በዚህ ይቈጣሉ፤ የግል ነገራችንን ደፈሩ ይላሉ። ጋሼና እትዬ፥ አባባና እማማ እየተባለ ያደገ ሰው ግን ጥያቄውን ወዲያው ይረዳዋል፤ የጠየቀህ ሰው የሚያኖርህን ቦታ እየፈለገልህ ነው። ዕድሜህን ካልነገርከው በምን ብሎ ይጥራህ?

ቋንቋው ግን ቀላል አይደለም። «ማ» የምትለዋ አንዲት ቃል እንደ ድምፁ አወጣጥ መንፈስ፥ እናት፥ ዳሩ ግን፥ መቃብር፥ ፈረስ፥ የሩዝ ችግኝ ትሆናለች። እኛም «ገና» ሲጠብቅና ሲላላ ልዩ ልዩ መሆኑን እናውቃለን፤ ይሁን እንጂ ስድስት ዓይነት ዜማ ማለት ሌላ ነገር ነው። በነገራችን ላይ፥ ቬትናሞች ዛሬ የሚጽፉበት የላቲን ፊደል መጀመሪያው የሚፈለገው ከዚሁ ከኲኞን ብዙም በማይርቀው፥ ኑዎክ ማን በሚባለው የጥንት የንግድ ወደብ ነው። በ1618 ፍራንሲስኮ ዴ ፒና የተባለ የፖርቱጋል ኢየሱሳዊና ጓደኞቹ በዚያ ተቀምጠው ቋንቋውን እየተማሩ ድምፁን በራሳቸው ፊደል መጻፍ ጀመሩ፤ መዝገበ ቃላቱ በ1651 በሮም ታተመ። በዚያው ዓመት በ1618 የዚያው ማኅበር ሰው ፔድሮ ፓኤዝ በጣና ዳር፥ በዐፄ ሱስንዮስ አገር ነበረ። እዚህ የቆየ ፊደል አገኙና ያንኑ ተማሩ፤ እዚያ ከቻይና የመጣውን አስቸጋሪ ጽሕፈት አገኙና ሌላ አበጁ። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚያሻው እዚህ ላይ እንተወው።

ወደ እኛ ነገር ስንመለስ፥ በመጀመሪያው ወር አክስት አምስተኛዋ እኛን የሚጠሩን «ካች» ብለው ነበረ። «ካች» ማለት እንግዳ ማለት ነው፤ ደግሞም ደንበኛ ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ይጠሩታል። ወጣቲቱ ጸሐፊ ግን ከመጣች ገና ሁለት ወርዋ ሳለ «ኮን» ትባላለች፤ ልጄ ማለት ነው። ስታመሽ ትቈጣለች፤ ሳትበላ ስትወጣ ትመለሳለች፤ ሾርባው ሲሸጥ ሳሕን ታጥባለች። እኛን የሚቈጣን አልነበረም። ሳሕናችንንም ሌላ ሰው ያነሣው ነበር። ያን ጊዜ ይህን እንደ ክብር ቈጥረነው ነበረ።

በኲኞን የሚቀመጡት የውጭ አገር ሰዎች እጅግ ብዙ አይደሉም፤ ቡና ቤቶቻቸው የታወቁ ስለ ሆኑ በሳምንት ውስጥ ሁሉንም ታውቃቸዋለህ። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ አሉ፤ በኮምፒዩተር ለሩቅ አገር የሚሠሩ አሉ፤ ጡረተኞች አሉ። ከኦገስት 15 ቀን 2023 ጀምሮ ቬትናም ለየትኛውም አገር ዜጋ የ90 ቀን ቪዛ በኢንተርኔት ትሰጣለች፤ ለአንድ መግቢያ 25 ዶላር፥ ለብዙ መግቢያ 50 ዶላር ነው የምታስከፍለው። ዘጠና ቀን ሲሞላ ወደ ላኦስ ድንበር ሄዶ ወጥቶ መመለስ የብዙዎች ልማድ ነው። የውጭ አገር ሰው መሬት በባለቤትነት ሊይዝ አይችልም፤ በ2014 የወጣው የቤት ሕግ በትልልቅ ሕንፃዎች ውስጥ መኖሪያ ክፍል ለ50 ዓመት እንዲገዛ ፈቅዶለታል። ሞተር ብስክሌት የሚነዱት ብዙዎቹ የሚጸና መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ አደጋ ሲደርስ ኢንሹራንሱ እንደማይከፍላቸው የሚረዱት በሆስፒታል ነው። በዚህ ሁሉ ላይ አከራይ የሆነ ሰው እንግዳው በገባ በ12 ሰዓት ውስጥ ስሙን ለፖሊስ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ፈረንጆቹ በዚህች ምዝገባ ያማርሩ ነበር፤ «እንደ እስረኛ ይቈጥሩናል» ሲሉ ሰምተናል። እኛም አብረን አጕረምርመናል።

የሚወዱት ወሬ የርካሽነት ወሬ ነው። ይህ ስንት፥ ያ ስንት፥ በአገራችን ቢሆን ስንት ይሆን ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ ሰማነው። እኛ የምንከፍለው የክፍል ኪራይ በወር ስድስት ሚሊዮን ዶንግ ነበረ፤ በዚያ ወራት አንድ ዶላር ወደ 26 ሺሕ ዶንግ ይመነዘር ነበርና 230 ዶላር ያህል ነው። ከጁላይ 2024 ጀምሮ በትልልቆቹ ከተሞች እንኳ የተወሰነው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 4 ሚሊዮን 960 ሺሕ ዶንግ ነበረ፤ በሌሎቹ ከዚያ ያነሰ ነው። እንግዲህ እኛ «ርካሽ» እያልን የምንተኛባት ክፍል ከአንድ ሠራተኛ የወር እንጀራ ትበልጥ ነበር። ጸሐፊዋ ከእኛ ጎን ያለችውን ጠባብዋን ክፍል በምን እንደምትከፍል ጠይቀናት፥ የሾርባ ሳሕን የምታጥበው ስለ ፍቅር ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባን።

ከጡረተኞቹ አንዱ የሰፈራችን ሰው ነበረ። አውሮፓዊ ነው፤ በዚያች መንገድ ስምንት ዓመት ኖሯል። ደግ ሰው ነው፤ ለሕፃናት በረዶ ይገዛል፤ ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም። የሚያውቀው የቬትናምኛ ቃል ሃያ ቢሆን ነው። ሰፈሩ «ኦንግ ታይ» ይለዋል፤ ሽማግሌው ምዕራባዊ ማለት ነው። ስሙን የሚያውቅ ሰው ፈልገን አላገኘንም። ስለ ሰውዬው መፍረድ አንወድም፤ ምክንያቱም ቀጥለን የምንናገረው የራሳችን ነገር ከእርሱ የባሰ ነው።

በኦክቶበር አጋማሽ አንድ ሌሊት፥ ገና ሳይነጋ፥ ከመስኮታችን ሥር ከበሮና እምቢልታ ተነሣ። በድምፅ ማጉያ ነው። ቀኑን ሙሉ እያረፈ ቀጠለ፤ በማግሥቱም እንዲሁ። የምንልከው ሥራ ነበረብን፤ እንቅልፍም አጣን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በስልካችን አስተርጓሚ ላይ «ድምፁን እንዲቀንሱ ይንገሩልን» ብለን ጽፈን ለአክስት አምስተኛዋ አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ሁለተኛ አነበቡት። «እሺ፥ ካች» አሉና ወጡ። ከበሮው አልቆመም፤ የድምፅ ማጉያው ግን አፉ ወደ ሌላው መንገድ ዞረ። ደስ አለን፤ በሥራችን ላይ ተቀመጥን።

ማታ ጸሐፊዋ ከሥራ ስትመለስ በራችንን አንኳኳች። ፊትዋ ቀልቷል። «ጋሼ፥ ድንኳኑን አላዩትም?» አለች።

ድንኳኑንማ አይተነዋል። የመንገዱን እኩሌታ ዘግቶ የተተከለ ሸራ ነው፤ ውስጡ ወንበር ተደርድሯል፤ ወንዶች ሻይ እየጠጡ ያመሻሉ። ሁለት ቀን በአጠገቡ አልፈናል። አንባቢ ይፍረደን፤ በሰፈር መካከል ድንኳን ተተክሎ ሲያይ «ማን ሞተ?» ሳይል የማያልፍ አገር ልጅ ሆነን፥ ዓይናችንን ከአገር ቤት ትተን የመጣን ይመስል፥ ምን እንደ ሆነ አላሰብንም። የሞቱት ሦስት ቤት አልፎ የሚኖሩ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ለቅሶው የረዘመው ልጃቸው ቱና ለማጥመድ ሩቅ ባሕር ወጥቶ ስለ ነበረ ነው፤ ጀልባው በሬዲዮ ተጠርቶ እስኪገባ እየጠበቁት ነበር። አክስት አምስተኛዋ የሟቹ ታናሽ እኅት ናቸው።

ያን ማታ ከክፍላችን መውጣት ፈራን። ጸሐፊዋ ግን አልተወችንም፤ ነጭ ፖስታ ገዝታ አመጣች፤ ገንዘብ እንድንጨምርበት፥ በላዩም ስማችንን እንድንጽፍ አደረገች። በማግሥቱ አክስት አምስተኛዋ ፊት ፊት እየሄዱ አስገቡን። ፖስታውን በሣጥኑ አጠገብ አኖርን፤ ሦስት የዕጣን እንጨት ለኵሰው ሰጡን፤ እነርሱ እንደሚያደርጉት አድርገን እጅ ነሣን። በግንባሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ያሠረው ልጅ ሻይ ቀዳልን። ከባሕር የገባው በዚያው ሌሊት ነው፤ ፊቱ በጨውና በፀሐይ ተላልጧል። በጸሐፊዋ በኩል ዕድሜያችንን ጠየቀ። ሠላሳ ስድስት አልነው። «እኔ ሠላሳ ዘጠኝ ነኝ፤ እንግዲያስ ኤም ነህ» አለና ሁለተኛ ቀዳልን። ስለ ድምፅ ማጉያው ማንም ቃል አልተነፈሰም። ይቅርታ ለመጠየቅ ስንጀምር ባልቴቲቱ የፍሬ ሳሕኑን ወደ እኛ ገፋ አደረጉና ነገሩን ቈረጡት።

ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት ደረጃውን ስንወርድ «ኮን፥ በልተሃል?» ይሉን ጀመር። በእነርሱ ዘንድ ይህ ጥያቄ ሰላምታ ነው፤ አልበላሁም ካልህ ግን ጥያቄ ነው። ሳሕናችንንም እኛው እንድናጥብ ሆነ። አንድ ቀን የባሕሩ ማዕበል ሳለ ልንዋኝ ስንወጣ በሰፈሩ ሁሉ ፊት ተቈጡን። ያልተረዳነው ቃል ብዙ ነው፤ ቊጣው ግን ትርጕም አላስፈለገውም።

በእኛ አገር ክረምት ሲወጣ በኲኞን ክረምቱ ይገባል፤ ከኦክቶበር ጀምሮ ባሕሩ በሥዕል እንዳየነው አልነበረም። በኖቬምበር መጀመሪያ ካልማኤጊ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በፊሊፒንስ ደሴቶች ላይ ብዙ ሰው ገድሎ ወደ ጠረፋችን ሲመጣ ወሬው በየድምፅ ማጉያው ይነገር ጀመር። ሰዎቹ ያለ ጩኸት ሥራ ገቡ። ክቡ ጀልባ ሁሉ ከአሸዋው ተነሥቶ በመንገዱ መካከል ተደረደረ፤ በቆርቆሮ ጣራ ላይ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ተጫነ፤ መስታወት በተጣባቂ ወረቀት ተመሳቀለበት። ከውጭ አገር ሰዎቹ አብዛኞቹ በአውቶቡስና በባቡር ሄዱ። አንወቅሳቸውም፤ ለመሄድ የሚችል ሰው ቢሄድ መልካም ነው። እኛም ትኬት ለመቍረጥ ስልካችንን ይዘን ሳለን አክስት አምስተኛዋ ከረጢትና አካፋ ሰጥተውን ወደ አሸዋው ላኩን። ምርጫ አድርገን የቀረን አይመስላችሁ፤ በልጅነት ታዘዝን እንጂ።

በኖቬምበር 6 ቀን፥ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.፥ ከቀትር በኋላ የቀበሌው ሰዎች በዝናብ ካፖርት ሆነው በየቤቱ መጡ። በእጃቸው ወረቀት አለ። ፈረንጆቹና እኛ ያማረርንበት የምዝገባ ዝርዝር ነው። ስማችንን እያነበቡ «ይህ አለ? ያ ሄደ?» ይጠይቁ ነበር። ወደ ሽማግሌው ምዕራባዊ ቤት ሲደርሱ ሰፈሩ በስምንት ዓመት ያላወቀውን ስም አንድ ወጣት የቀበሌ ጸሐፊ በጭንቅ፥ ፊደል በፊደል፥ ጮኾ ጠራው። ሰውዬው መስኮት ከፍቶ «አልሄድም» አለ። ያ ከባሕር የተመለሰው የሟቹ ልጅ ወጥቶ፥ ክንዱን ይዞ፥ በሞተር ብስክሌቱ ኋላ አስቀምጦ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደው። ቤታችን ግን የሲሚንቶ ስለ ሆነ ከጎረቤት ቆርቆሮ ቤቶች ዐሥራ አንድ ሰዎች ወደ እኛ ገቡ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነፋሱ ገባ። ድምፁን ለመግለጽ አንችልም፤ የቆርቆሮ ሉክ ከሚስማሩ ሲነቀል የሚያሰማውን ጩኸት የሰማ ሰው እርሱን በሺሕ ያባዛው። መብራት ጠፋ። በመጀመሪያው ደርብ መካከል፥ ከግድግዳው ርቀን፥ ሕፃናቱን በመካከል አድርገን በሻማ ተቀመጥን። ጸሐፊዋ በፕሌይኩ ላሉት ወላጆችዋ መልእክት ለመላክ ትሞክራለች፤ ስልኩ አይሠራም። አክስት አምስተኛዋ ከታች ድስት ይዘው ወጡና ለሁሉም ሩዝ ቀዱ። ከእኩለ ሌሊት በፊት ከበላያችን አንድ ታላቅ ነገር ተሰነጠቀ፤ ዝናቡ በደረጃው እንደ ፏፏቴ ወረደ። የሰገነቱ ጣራ ነበረ።

ሲነጋ መንገዱ ሁሉ አሸዋ ሆኖ አየነው። የቆርቆሮ ሉክ እንደ ጨርቅ በስልክ እንጨት ላይ ተጠምጥሟል፤ ዛፎች ከነሥራቸው ተጋድመዋል። በግዛቱ ውስጥ በሺሕ የሚቈጠሩ ቤቶች ጣራቸውን አጡ፤ ሰውም ሞተ። በሰፈራችን የሞተ አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ በዚያ ጠረፍ ከፍ ያለ ጎርፍ መጥቶ፥ ከዐውሎ ነፋሱ ይልቅ እርሱ ብዙ ሰው ፈጀ።

ሽማግሌው ምዕራባዊ በሦስተኛው ቀን በፖስታ ገንዘብ ይዞ መጣ፤ ለጣራው ነው፥ ብዙ ገንዘብ ነው። አክስት አምስተኛዋ በሁለት እጃቸው ተቀብለው አመሰገኑት፤ ሻይም ቀዱለት። ከዚያ «ስንት ዓመትህ ነው?» ብለው ጠየቁት። ጸሐፊዋ ተርጕማ ስትነግረው ሳቀ፤ ሰባ ሁለት አለ። እርሳቸውም ጥቂት አሰቡና «አኝ» ብለው ጠሩት፤ ታላቅ ወንድሜ ማለታቸው ነው። ቃሉን ማወቁን እንጃ።

ቪዛችን ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው እቃችንን ስናስር ባልቴቲቱ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ክፍላችንን ሌላ የውጭ አገር ሰው ሊከራየው ጽፎላቸዋል፤ በእንግሊዝኛ መልስ እንድንጽፍላቸው ፈለጉ። ሰውዬው ስለ ኪራዩ ጠይቋል፤ ስለ ኢንተርኔቱ ጠይቋል፤ ባሕሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቋል። እነዚህን መለስንላቸው። በመጨረሻ «ሰፈሩ ጸጥተኛ ነው ወይ?» ይላል።

ጽሑፉን እንደ ያዝን ጥቂት ዝም አልን። እርሳቸው በትከሻችን ላይ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ከላይ አናጢዎቹ አዲሱን ቆርቆሮ ይመታሉ።

«አብዛኛውን ቀን ጸጥተኛ ነው፤ ለቅሶ ሲኖር ግን ድንኳን ይተከላል፤ ያን ጊዜ ነጭ ፖስታ ይያዙ» ብለን ጻፍንና ላክንላቸው።